የቦዩ ዳር መንገድ፦ የጃፓን የዕረፍት ቀኖቼና የጭሮ ከተማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጭሮ ከተማ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ንግግር ስለ ድልድይ፣ ስለ አፈር ጥናት ወይም ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ዕረፍት ነው። ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የማይመጥን ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ፤ በመጨረሻው ከአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ንድፍ ጋር ይገናኛልና።

ጃፓን ሲባል አብዛኞቻችን አስቀድመን የምናስታውሰው ሩጫን ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳናዎች 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲፈጽም፣ ሁለተኛው ሯጭ አራት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነበር የደረሰው። እኔ ደግሞ በዚያች አገር ያሳለፍኋቸውን ዐሥር የዕረፍት ቀኖች በዝግታ በመራመድ ፈጸምኋቸው። ምንም ክብረ ወሰን አልሰበርሁም። ሆኖም በሙያዬ ላይ የነበረኝን አንድ አስተያየት ሰብሬ ተመልሻለሁ።

ለእኛ ለጭሮ ልጆች ጃፓን ከሩጫው በፊትም እንግዳ አገር አልነበረችም። የከተማችን ምሥረታ ከስማቸው ጋር የተሳሰረው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የተማሩና የጨርጨር ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ በምሳሌነት ከፊታቸው ያስቀመጡት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነበር። በሚከተለው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የዚያ ዘመን ምሁራን ከጃፓን ሊማሩ የፈለጉት የመንግሥትን አሠራር፣ የፋብሪካንና የጦር ኃይልን ነገር ነበር። ያኔ አሰበ ተፈሪ ተብላ የተቈረቈረችው ከተማችን ለአካባቢዋ አርአያ እንድትሆን ታስባ ነበር። ስሟ ራሱ ሐሳብን ያመለክታል። ሰው በከተማ ውስጥ ያለ ሥራ የሚቀመጥበትና የሚንሸራሸርበት ስፍራ እንዴት እንደሚበጅ ግን ከጃፓን የጠየቅነው ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ለመጠየቅ የተገደድሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ጥፋቴንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ሐረርጌ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ፣ ስሟን ልተወውና፣ የዋናውን መንገድ ማስፊያ ንድፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። በመንገዱ ዳር ዐሥራ ሰባት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ የሚበዙት ጃካራንዳ፣ ጥቂቶቹ ዋንዛ። በንድፉ ላይ እያንዳንዳቸው አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ነበሩ። በምልክቶቹ ላይ መስመር አሰመርሁ፤ ፈረምሁም። ሥራው ተጠናቅቆ መንገዱን ለመረከብ በሄድን ጊዜ፣ ከዛፎቹ በአንዱ ሥር ለብዙ ዘመን ሻይ ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀረቡና በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መንገዱ አምሯል፤ አላህ ይስጣችሁ። መቀመጫችንን ግን ወዴት ወሰዳችሁት?» በቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ሌላ ቦታ ያዘጋጀንላቸው መስሏቸው ነበር የጠየቁኝ። የምመልሰው ስላጣሁ የእግረኛው መንገድ ስፋት ሁለት ሜትር መሆኑን ነገርኋቸው። ያን መልስ እስከ ዛሬ ድረስ አፍርበታለሁ።

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው በኅዳር ወር ኪዮቶ የገባሁት። ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ እስከ 1868 ድረስ የጃፓን መናገሻ ነበረች። (የጃፓንን ነገር ስናገር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በኅዳር የሜፕል ዛፎች ቅጠል እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ሕዝቡም ይህንኑ ለማየት ከየአገሩ ይጎርፋል። በየማለዳው ካፖርቴን ደርቤ እወጣለሁ፤ አንድ የአትክልት ስፍራ እመርጣለሁ፤ እስኪርበኝ ድረስ በዚያው እቆያለሁ። የቀኑ ዕቅዴ ይህ ብቻ ነበር።

በሪዮዋንጂ ቤተ መቅደስ ያለውን የድንጋይ አትክልት ያየሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። በነጭ ጠጠር ላይ ዐሥራ አምስት ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ በድንጋዮቹ ግርጌ ካለው ሽበት በቀር ሣርም አበባም የለበትም። ጎብኚው ከእንጨቱ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ሲመለከት፣ የትም ቢቀመጥ ቢያንስ አንዱ ድንጋይ ይሰወርበታል። እኔም እንደ ልማዴ ተነሥቼ ቦታ እየለዋወጥሁ ቈጠርሁ፤ ዐሥራ አራት ብቻ ሆኑብኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ሳይቈጥሩ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ነበር። የሰገነቱን ጠርዝ ልብ ብዬ ስመለከተው እንጨቱ በተቀማጮች ብዛት ለስልሷል። እኛ መሐንዲሶች ስለ ተሽከርካሪ ብዛት እናጠናለን፤ ስለ ተቀማጭ ብዛት ግን ያጠናሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሁን ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ስለሚገባ፣ ምን እበላለሁ የሚል ሐሳብ ይዞኝ ነበር። የጃፓን ሾርባ፣ አትክልት ብቻ መስሎ የሚታየው እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ ዳሺ በሚባል መረቅ ነው። ነገር ግን የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቍላልና ወተት የማይገባበት ሾጂን ርዮሪ የሚባል የቈየ የገዳም ምግብ አላቸው፤ መረቁንም የሚያወጡት ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። በናንዘንጂ ቤተ መቅደስ አካባቢ ዩዶፉ የሚባለውን አቀረቡልኝ። ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው ለስላሳ ቶፉ በባሕር ቅጠል ውኃ ውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያም ዝንጅብልና ቀጭን ሽንኩርት በገባበት የአኩሪ አተር ስጎ እየተነከረ ይበላል። አብረውት በሰሊጥ የተሠራ ርጎ መሰል ምግብ፣ በጨው የሰነበተ ፍጅልና ስሙን ያልያዝሁት የተራራ ጎመን ነበሩ። እኛ ጾምን የምንፈታው በየዓይነቱ በአንድ ትሪ ተቀርቦ፣ ከብበን፣ እየተጎራረስን ነው፤ እዚያ ብቻዬን የሰባት ትንንሽ ሳሕኖች ባለቤት ሆኜ ተቀመጥሁ። ጎራሽ ባይኖረኝም ጾሜን ሳላፈርስ ጠግቤ ተነሣሁ። በሁለት ሩቅ አገር ያሉ ገዳማት ስለ ሆድ አንድ ዓይነት ሐሳብ ማሰባቸውም ደስ አሰኘኝ።

ከምሳ በኋላ በዚያው ቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ስንሸራሸር፣ በዛፎቹ መካከል ከሸክላ ጡብ የተሠራ፣ ባለ ብዙ ቅስት ረጅም ድልድይ አየሁ። ሱይሮካኩ ይባላል፤ ርዝመቱ 93 ሜትር ነው። በላዩ የሚያልፈው ሰው ወይም ባቡር ሳይሆን ውኃ ነው። በገዳም ግቢ ውስጥ የእኔን ሙያ ሥራ ሳገኝ፣ በባዕድ አገር የዘመድ ቤት እንዳገኘ ሰው ሆንሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ ከተዛወሩ በኋላ ኪዮቶ ሕዝቧም ንግዷም ተዳከመ። አገረ ገዥው ኪታጋኪ ኩኒሚቺ ከቢዋ ሐይቅ ተራራውን ሰንጥቆ ውኃ ለማምጣት አሰቡ፤ ለጀልባ መጓጓዣ፣ ለመስኖና ለወፍጮ መንኰራኵር እንዲሆን። ሥራውንም ስለዚሁ ቦይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለጻፈው፣ በ1883 ትምህርቱን ለጨረሰው ታናቤ ሳኩሮ ለሚባል ወጣት መሐንዲስ ሰጡት። ቍፋሮው በ1885 ተጀመረ፤ ከዋሻዎቹ ረጅሙ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ቦዩም በ1890 ተመረቀ። ሥራው ያለ መሥዋዕትነት አልተፈጸመም፤ ለሞቱት ሠራተኞች ታናቤ ያቆመው መታሰቢያ አሁንም በዚያው አለ።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ ታናቤ በ1888 ወደ አሜሪካ ሄዶ የውኃ ኃይልን አጠቃቀም መረመረ። በተመለሰም ጊዜ የመንኰራኵሩን ዕቅድ ትቶ በምትኩ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንዲሠራ አደረገ። የኬአጌ ማመንጫ በ1891 ሥራ ጀመረ፤ ኪዮቶም በ1895 በጃፓን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ትራም አገኘች። እንግዲህ የተፈረመ ዕቅድ መለወጡ ለመሐንዲሱ ውርደት አልሆነበትም። እኔ ስለ ዐሥራ ሰባቱ ዛፎች ባሰብሁ ቍጥር «ንድፉ አንድ ጊዜ ጸድቋል» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር፤ በሱይሮካኩ ቅስት ሥር ቆሜ ሳለሁ ይህ ማጽናኛ ተወሰደብኝ።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። ለፋብሪካና ለጀልባ የመጣው ውኃ ከጊዜ በኋላ የአትክልት ስፍራዎች ውኃ ሆነ። በናንዘንጂ አጠገብ ያለው ሙሪን አን የተባለው አትክልት በ1890ዎቹ ሲሠራ፣ አትክልተኛው ኦጋዋ ጂሄይ ከዚያው ቦይ ውኃ ስቦ በሣሩ መካከል እንደ ተራራ ምንጭ እንዲፈስ አደረገው። በዚያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ማቻ ጠጣሁ፤ ዱቄት ሆኖ የተፈጨ ሻይ ነው፤ በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ አረፋ ያወጣል። ምሬቱን ከጣፋጭ ጋር እያጣጣምሁ በገለምሶ የምንጠጣው ሆጃ ትዝ አለኝ፤ በወተትና በጨው የሚፈላው የቡና ገለባ። ሁለቱም ሰውን ለመነጋገር የሚያስቀምጡ መጠጦች ናቸው፤ ልዩነቱ ጃፓኖች ከሲኒው ፊት የሚታይ አትክልት ማኖራቸው ነው።

በማግሥቱ ከቦዩ ቅርንጫፍ ጋር ወደ ሰሜን በሚሄደው «የፈላስፋው መንገድ» ተራመድሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈላስፋው ኒሺዳ ኪታሮ እያሰላሰለ ይሄድበት ስለ ነበር ይህን ስም አገኘ። ግራና ቀኙ የቼሪ ዛፎች አሉበት፤ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች የለገሱት ሠዓሊው ሀሺሞቶ ካንሴትሱና ባለቤቱ ናቸው። ከእግር በታች ያሉት ድንጋዮች ደግሞ የከተማው ትራም በ1978 ሲቀር ከሐዲዱ መካከል የተነሡ ናቸው። ይህ ዓለም ሁሉ የሚጎበኘው መንገድ መጀመሪያ ምን ነበር? የቦዩ የጥገና መንገድ ነበር! ቦይ ጠባቂው እንዲመላለስበት የተተወ ጠባብ መሬት ነው። ለሽርሽር ተብሎ መጀመሪያ የተከፈለ መሬት የለም። አስቀድሞ የነበረው መንገድ አልታጠረም፤ ዛፍ ተተከለበት፤ ሰው እንዲገባበትም ተፈቀደ። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ በንድፋችን ሁሉ ላይ ከቦይ ዳር የጥገና መንገድ እንተዋለን። በሽቦም እናጥረዋለን። ዓመት ሳይሞላው የቈሻሻ መጣያ ይሆናል።

ጉዞዬን የፈጸምሁት በካናዛዋ ከተማ፣ ኬንሮኩኤን በሚባለው አትክልት ነው። ስሙ ስድስቱን ጸባያት የያዘ አትክልት ማለት ነው፤ እነርሱም ስፋት፣ ጭምትነት፣ የሰው ጥበብ፣ ጥንታዊነት፣ ውኃና ሩቅ እይታ ናቸው። ቻይናውያን ሊቃውንት እነዚህ ስድስቱ በአንድ ስፍራ ለመገናኘት ይቸገራሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ የሰፋው ቦታ ጭምትነት ያጣል፤ የሰው እጅ የበዛበት ጥንታዊነቱ ይጠፋል። ለአትክልቱ ኩሬዎች ውኃ የሚያመጣው ታትሱሚ የተባለው ቦይ በ1632 የተሠራ ነው። ውኃው ወደ ግንቡ የደረሰው በዝግ ቧንቧ ወደ ታች ወርዶ በራሱ ግፊት እንደ ገና ሽቅብ እንዲወጣ በመደረጉ ነው። ያለ ፓምፕ! በኅዳርም አትክልተኞቹ በጥዶቹ አናት ላይ ምሰሶ አቁመው ከጫፉ ወደ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ገመድ ይወጥራሉ፤ የበረዶው ክብደት ቅርንጫፉን እንዳይሰብር ነው። የመሐንዲስ ሒሳብ ለአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ የዐሥራ ሰባት ዛፎችን ግንድ በአንድ መስመር የሰረዝሁ ሰው ቆሜ ገመዶቹን ቈጠርሁ።

ይህን ስናገር ጃፓን ሁሉ አትክልት ነው ማለቴ አይደለም። ከአትክልቱ በር ውጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሸረሪት ድር የተተበተበባቸው ጠባብ ጎዳናዎች አሉ፤ በኪዮቶ የእንግዳው ብዛት ነዋሪውን ከአውቶቡሱ ያስቀረዋል። ሙሪን አንም በመጀመሪያ የአንድ ትልቅ ባለ ሥልጣን መኖሪያ ነበር፤ ኬንሮኩኤንም የመሳፍንት ነበር። ሕዝቡ የገባባቸው ኋላ ነው። እንግዲህ ልንቀዳ የሚገባን አጥሩን ሳይሆን የቦዩን ዳር ነው።

በእኛ ዘንድስ ምን አለ? ከሚኤሶ ሽቅብ ወደ ጭሮ ሲወጡ የጨርጨር ገበሬ በዳገቱ ላይ ያበጀው እርከን ይታያል፤ አፈርና ውኃን በድንጋይ የመያዝ ጥበብ ያለ ዲፕሎማ የተሠራበት ነው። በበዴሳ በኩል ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱ ኦሮሞ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሕግ ያወጡበት ስፍራ ነው። የከተማችን ዩኒቨርሲቲም ስሙን ከዚያ ወስዷል። የዛፍ ጥላ የሕዝብ አዳራሽ መሆኑን ከጃፓን መማር አያስፈልገንም ነበር፤ እኛ መሐንዲሶች ነን የረሳነው። ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ በመንገድ ዳር የተዘረጉ ከተሞች ናቸው። መንገዱ ለከባድ መኪናው፣ ለባጃጁ፣ ለገበያውና ለጫቱ ጭነት ያገለግላል። ከቀትር በኋላ ሰው ማረፍ ሲፈልግ የሚገባው ከበርቻ ቤት ነው፤ በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ ይቀመጣል። በርቻውን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ የጨዋታና የመመካከር ባህል አለበት። ሆኖም ጫት የማይቅመው ወጣት፣ ከገበያ የምትመለሰው እናትና ጡረታ የወጣው አስተማሪ ደጅ የሚቀመጡበት የት ነው? ሴት ልጅ መጽሐፍ ይዛ የምትቀመጥበት ድንጋይ የት አለ?

አሁን ወደ ተስፋ ሰጠኋችሁ ንድፍ ልመለስ። በጠረጴዛዬ ላይ የአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ንድፍ አለ፤ ርዝመቱ 1,200 ሜትር ነው፤ በከተማ መካከል ያልፋል። በአንድ ወገኑ ሦስት ሜትር የጥገና መሬት ተትቶለታል፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ይህ መሬት በሽቦ የታጠረ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀሁት ከጉዞዬ በፊት እኔው ነኝ። አልፈረምሁበትም። አሁን ያሰብሁት አጥሩን አንሥቼ በቦዩ አፋፍ ዝቅተኛ መከላከያ ለማድረግ፣ በመሬቱ ውጫዊ ጠርዝ፣ ሥሩ የቦዩን ግድግዳ እንዳይገፋ አርቄ፣ በየስምንት ሜትሩ ዛፍ ለማስተከል ነው፤ 150 ዛፍ ይሆናል። በየመካከሉ ከአካባቢው ጥርብ ድንጋይ መቀመጫ ይበጃል። የጥገና መኪና የሚገባበት በር በሁለቱም ጫፍ ይኖራል። የሚጨመረው ወጪ በአብዛኛው ችግኝና ድንጋይ ነው፤ የሽቦው ዋጋም ይቀነስለታል።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ችግኙን ማን ያጠጣዋል? ቈሻሻውን ማን ይጠብቀዋል? እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱን ያገኘሁት በኪዮቶ ሳይሆን ያን ቀን ጥያቄ ከጠየቁኝ እናት ነው። እኒያ እናት ሻይ በሚሸጡበት ዛፍ ሥር ለብዙ ዘመን ሲጠርጉና ሲያጠጡ የኖሩት ማንም ሳያዛቸው ነው፤ ጥላው እንጀራቸው ስለ ነበረ። በየመቀመጫው አጠገብ ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች በደንብ የታወቀ የመሸጫ ቦታ ብንሰጥ፣ ከዘበኛ የተሻለ ጠባቂ እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ንድፉን ከዚህ ስብሰባ በኋላ በጎን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ በተዳፋቱ፣ በጎርፉ ስሌትና በዛፉ ዓይነት ላይ ያላችሁን ነቀፌታ በእርሳስ እንድትጽፉበት እጠይቃለሁ። በንድፍ ላይ የተሳለን መስመር በላጲስ ማጥፋት ይቻላል፤ ዛፍ ከተቈረጠ በኋላ ግን ላጲስ አይረዳም።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ወደዚያች ከተማ ሄጄ ነበር። እናቲቱ አሁን የሚሸጡት በአንድ ሱቅ ግድግዳ ጥግ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ነው። ሻይ ቀዱልኝና ጃፓን ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነች ጠየቁኝ። «ውኃ በቦይ ይሄዳል፤ ሰውም ከውኃው ጋር ይሄዳል» አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ሲደክመው የት ይቀመጣል?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ የምመልሰው ነበረኝ።